አራተኛውን የወደደችና አራተኛውን የጠላ

እስከ ዛሬ ያልተከታተላችሁን አንባቢዎች አትጨነቁ፤ ያመለጣችሁ ብዙ አይደለም። አንዲት የመቅደስ ካህን ልጅ አለች። አንድ የመርከብ በያጅ አለ። በመካከላቸው በጀልባ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ባሕር አለ። ምላሷን መሰብሰብ ያቃታት አንዲት አሮጊት ደግሞ አለች፤ እሷ እኔ ነኝ። ማቺኮ እባላለሁ። በወደብ ከተማችን በኦኖሚቺ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ጣሪያ ባለው የገበያ መተላለፊያ ውስጥ፣ በዓሣ ሻጩና በጫማ ጠጋኙ መካከል ያገለገሉ ጌሞች እሸጣለሁ። ባሌ ሲሞት የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ትቶልኝ ነበር። ሬዲዮ የሚያስጠግን ሰው ሲጠፋ ጌም ሻጭ ሆንኩ፤ ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ ሆነኝ።

ፍቅራቸው የተጀመረው በጠብ ነው።

«የጭጋግ ምድር» ምን እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ለጀግናው ስም አውጥታችሁ፣ ሦስት ጓደኛ አስከትላችሁ፣ አገር ላገር እየዞራችሁ ከጭራቅ ጋር የምትዋጉበት ጌም ነው። አንዱን ለመጨረስ ወር ይፈጃል። በየሦስት አራት ዓመቱ አዲስ ቁጥር ይወጣል፤ እዚህ ያለ ሰው ዕድሜውን በእሱ ነው የሚቆጥረው። «ሦስተኛው የወጣ ጊዜ ነው ያገባሁት» ይላሉ። «አምስተኛውን ሳልጨርሰው አባቴ አረፈ» ይላሉ። ዘጠነኛው ሊወጣ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሲቀረው፣ ገበያ ላሟሙቅ ብዬ ግድግዳዬ ላይ ሰሌዳ ሰቀልኩና እንዲህ ጻፍኩበት፦ ከስምንቱ የምትወዱት የትኛው ነው? የምትጠሉትስ? ከነምክንያቱ ጻፉ። ስም አያስፈልግም።

የዚህ አገር ሰው ፊት ለፊት «ሾርባሽ ጨው በዝቶበታል» ከሚል ጨጓራው ቢቃጠል ይመርጣል። ካርድና እስክሪብቶ ስሰጠው ግን ጉድ ፈላ። የባቡር ጣቢያው ትኬት ቆራጭ «አንደኛው ብቻ ነው ጌም፤ የቀረው የሕፃናት ማባበያ ነው» ብሎ ጻፈ። አንዲት አስተማሪ ሰባተኛውን ረገመችው፤ መርከቡ ከወደብ ወደብ እስኪደርስ ሦስት ጊዜ እንቅልፍ ወስዷታል። ሦስተኛውን ያልወደደ አልነበረም። በሁለተኛው ደግሞ ሁለት ወንድማማቾች ሱቄ ውስጥ ተኮራረፉ።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ካርድ መጣ። አንደኛው በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «የምወደው፦ አራተኛው፤ ኦርሊ ስለቀረች። የምጠላው፦ ስድስተኛው፤ ሁሉም ሰው ስለሚድን» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ እስክሪብቶው ካርዱን እስኪበሳው ተጭኖ የተጻፈ ነው። «የምወደው፦ ስድስተኛው፤ ሁሉም ሰው ስለሚድን። የምጠላው፦ አራተኛው፤ ኦርሊ ስለቀረች።»

ኦርሊ በአራተኛው ውስጥ ከጀግናው ጋር የምትጓዝ ቀዛፊ ናት። ቀልደኛ፣ ሆዳም፣ አፏ የማያርፍ። ጌሙ መሃል ላይ ሲደርስ የመብራት ማማው ጠባቂ ይሞታል። መብራቱን የሚያበራ ካልተገኘ መርከቦቹ ሁሉ ዐለት ላይ ሊሰበሩ ነው። ኦርሊ «እኔ እቀራለሁ፣ እናንተ ሂዱ» ትላለች፤ በሩ ይዘጋል፤ አለቀ። ያለበሳችኋት ልብስ፣ ያስያዛችኋት መሣሪያ ሁሉ አብሯት ይቀራል። ምንም ብታደርጉ አትመለስም። በዚያ ዓመት የዚህች ከተማ ልጅ ያላለቀሰ የለም።

ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን ሰካኋቸው። ከዚያማ መልስ በመልስ ሆነ። በያጁ «ኦርሊን እዚያ ትቶ መሄድን የወደደ ሰው ልቡ ድንጋይ ነው» ብሎ ሰካ። የመቅደሷ ልጅ «እሷን ማን ጠየቃት? ልቅር ያለችው ራሷ ናት። መቅረትም ሥራ ነው» ብላ ሰካች። እሱ ማክሰኞ ይመጣል፣ እሷ ሐሙስ። የሁለቱንም ፊት የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ስድስት ሳምንት ከቻልኩ በኋላ ሁለቱንም ማክሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ጠራኋቸው።

ሪኪያ ከደሴቱ፣ ከሙካይሺማ፣ የመርከብ ፋብሪካውን ቱታ እንደለበሰ መጣ። እጁ ላይ የብየዳ ፍንጣሪ ያቃጠለው ነጥብ ነጥብ አለ። ቺጉሳ ከዳገቱ፣ ከአባቷ መቅደስ፣ መጥረጊያዋን አሁን ጥላ እንደመጣች ያስታውቃል፤ ሰማያዊ የሥራ ልብሷ ጉልበቱ ላይ አፈር ነበረው።

«አንተ ነህ የስድስተኛው?» አለችው።

«አንቺ ነሽ ኦርሊን ጥለሽ የሄድሽው?»

«አልጣልኳትም። ካርዴን በደንብ አንብብ።»

«አሥራ አንድ ጊዜ አነበብኩት» አለና ፊቱ ቀላ። እሷ ካርዱን ሳይሆን ጆሮውን አየች፤ ጆሮውም ቀልቶ ነበር። ያኔ ነው ያለቀላቸው። እኔ ዓይን አለኝ፤ አየሁት።

ከዚያ ወዲህ በየማክሰኞው በጀልባ ይሻገራል። በሱቄ አሮጌ ቴሌቪዥን አራተኛውን ከመጀመሪያው ጀመሩት። መጫወቻውን የምትይዘው እሷ ናት፣ የሚያማርረው እሱ። «ያንን ጋሻ ለምን ለኦርሊ ትሰጫታለሽ? ይዛው ልትቀር!» ይላታል። «ስለምትቀር ነው የምሰጣት» ትለዋለች። መብራት ማማው አጠገብ ሲደርሱ ግን «ዛሬ ይብቃን» ብሎ መጫወቻውን ከእጇ ይቀበላል። አንድ ዓመት ሙሉ ማማው ደጃፍ ላይ ቆሙ። አንድም ቀን አልገቡም።

ፍቅር መሆኑን ከእነሱ በፊት ገበያተኛው አወቀ። የማይሆን መሆኑንም እንደዚሁ።

ቺጉሳ ለአባቷ አንድ ናት። መቅደሱ አራት መቶ ዓመት የቆመ ነው፤ የሁለት መቶ ቤተሰብ መቃብር ይጠብቃል። የካህኑ መኖሪያ የካህኑ አይደለም፣ የመቅደሱ ነው። ካህን ወንድ ልጅ ከሌለው ለልጁ ካህን ይፈልጋል፤ ሙሽራው የቤቱን ስም ወስዶ ይገባል። ተተኪ ከጠፋ የመቅደሱ ሽማግሌዎች ሌላ ካህን ያመጣሉ፤ የድሮው ካህን ከነሚስቱ ዕቃውን ጠቅልሎ ይወጣል። ክፋት አይደለም፤ ደንቡ ነው። ሪኪያ ደግሞ ከመርከብ ሆድ ውስጥ እሳት ይዞ የሚውል የደሴት ልጅ ነው። ጸሎት የሚያውቀው የአባቱ ቀብር ላይ የሰማውን ያህል ነው። ቢሆንም ካህኑ ገና ጠንካራ ስለነበሩ ሁለቱም ነገሩን ለነገ ሲሉ ለነገ ሲሉ አቆዩት።

ዘጠነኛው የሚወጣበት ቀን በታኅሣሥ ቅዳሜ ዋለ። አብረው ሊሰለፉ ተቀጣጥረዋል። ጎህ ሲቀድ ሰልፉ ከሱቄ ደጅ ተነሥቶ ዋናው መንገድ ላይ ደርሶ ነበር። ሪኪያ ሁለት ትኩስ የጣሳ ቡና ይዞ ጫፉ ላይ ቆሟል። ሰው ሲመጣ «ቦታ ተይዟል» ይላል። አንድ ሰዓት ጠበቀ። ሦስት ሰዓት ጠበቀ። በሬን ከፈትኩ፣ ሰዉ ገባ፣ ገዛ፣ ወጣ። እሱ መጨረሻ ገባ። ቡናው በረዶ ሆኗል። ዘጠነኛውን ገዛና ማሸጊያውን እንኳ ሳይቀድ ካርድ ጽፎ ሰካ፦ «የምጠላው፦ ዘጠነኛው።»

«ገና አልነካኸውም እኮ!» አልኩት።

«መንካት አያስፈልግም» ብሎ ወጣ።

ወንድ ልጅ ሲያኮርፍ ሕፃን ነው። አሥራ አንድ ቀን አልደወለም። እሷም አልደወለችም። እሱ «ናቀችኝ» ይላል፤ እሷ ደግሞ፣ በኋላ እንደነገረችኝ፣ «ሰምቶ ነው የሸሸው» ትል ነበር። መቅደሱ ላይ የደረሰው ነገር ወሬ ከተማውን ሁሉ አዳርሶ ደሴቱ ላይ ሳይደርስ ቀርቶ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን እናቷ መጥታ ፖስታ ሰጠችኝ። ዓይኗን እያሸሸች «ለዚያ ልጅ ይስጡልኝ» አለችኝ። ሪኪያን አስጠራሁት። እፊቴ ቆሞ አነበበው፤ ከዚያ ማንበብ ሲያቅተው ለእኔ ሰጠኝ።

«ሪኪያ፣

ያን ቀን ጠዋት አባቴ ጸሎት ላይ እንዳለ ወደቀ። ግማሽ አካሉ አይንቀሳቀስም። ስልኬን ወጥ ቤት ጥዬ ነው የሮጥኩት። ሰልፉን ግን አልረሳሁትም፤ አምቡላንሱ በአጠገብህ አልፏል። በመስኮቱ አየሁህ። ሁለት ቡና ይዘህ አንዱን ብርድ እንዳያገኘው ብብትህ ውስጥ ከተኸው ነበር። መስኮቱን ልመታ እጄን አነሣሁ፣ ግን የያዝኩት የአባቴን እጅ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ትናንት ተሰብስበዋል። ከፉኩያማ ከተማ የአንድ ካህን ሁለተኛ ልጅ ይመጣል። ሥልጠናውን ጨርሷል። ሠርጉ በጸደይ ነው።

ምን ብዬ እንደምጨርስ አላውቅም።

ቺጉሳ»

ወረቀቱን መለስኩለት። ሪኪያ መደርደሪያዬ ላይ ክንዱን ጣለ። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ፊቱ ግን የዐሥር ዓመት ልጅ ሆነብኝ።

«አክስቴ» አለኝ፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራኝ፤ «መላ የለውም?»

እዚህ ላይ ነው የእኔ ጥፋት። ምላሴን በቆረጠው!

ሙራኦ የሚባለው የሳኬ፣ የሩዝ መጠጥ፣ ሻጭ የመቅደሱ ሽማግሌዎች አለቃ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ሱቄ መጥቶ ስለ ነገሩ ስናወራ «ድሮ ቢሆን ከውጭ የመጣ ሰውም ሠልጥኖ ይገባ ነበር» ብሎኛል። አሁን ግን ካህኑ ወድቀዋል፤ ሥልጠናው ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ ሦስት ዓመት የሚጠብቅ የለም። ይህንንም ብሎኛል። እኔ ታዲያ ለሪኪያ ምን አልኩት? «ሙራኦ ከውጭ የመጣም ቢሆን ሠልጥኖ ይገባል ብሏል።» ድሮ የምትለዋን ቃል ዋጥኳት፤ የቀረውንም አብሬ ዋጥኩት። ያንን ፊት ይዞ ጀልባ ላይ እንዲወጣ አንጀቴ አልቻለም።

«ብሏል?» አለኝ።

«ብሏል።»

እየሮጠ ወጣ፤ እስከ ጸደይ ድረስም ሱቄን አልረገጠም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚሉት ይህ ነው።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ይህ የመጀመሪያዬ ቢሆን ይቅር ትሉኝ ነበር። አራተኛው በወጣ በሁለተኛው ወር ገበያው ቀዘቀዘብኝ፤ ልጆቹ ኦርሊ ከቀረች ወዲያ መጫወት አቁመው ነበር። አንድ ቀን መስኮቴ ላይ «ኦርሊን መመለስ ይቻላል!» ብዬ ለጠፍኩ። ለሚጠይቀኝ ልጅ ሁሉ በጆሮው «በመጀመሪያው መንደር ያለውን ምንጭ ሦስት መቶ ስልሳ አምስት ጊዜ በግራ ዙር፤ አንዲት ከተሳሳትክ እንደገና ጀምር» አልኩት። ከገዛ ጭንቅላቴ ያወጣሁት ነው። በዚያ በጋ ከተማው ሙሉ ምንጭ ሲዞር ከረመ። አንድ የደሴት ልጅ በየቀኑ እየመጣ «አክስቴ፣ ዛሬም አልሆነም፣ የተሳሳትኩ ይመስለኛል» ይለኝ ነበር። ስሙን ያኔ አልጠየቅኩትም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔው ግን ዓመት በጨመረ ቁጥር ከበደኝ።

የጸደዩ ሠርግ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ወሩ በገባ በአራተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሪኪያ የክር ቆብ አጥልቆ ገባ። ፈገግ ብሏል። ቆቡን አወለቀ።

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ራሱ መላጣ ነው። መላጣ ማለት ይቅርና አይጥ የበላው ምንጣፍ ነው የሚመስለው። እዚህ ጉች ያለ ጸጉር፣ እዚያ የተቆረጠ፣ ከጆሮው በላይ ደም የደረቀበት።

«በገዛ እጄ ነው» አለኝ። «ከኋላ ስለማይታይ ትንሽ ተበላሸ። ሥራዬን ትናንት ለቀቅኩ አክስቴ። ለካህናት ማሠልጠኛው ጻፍኩ፣ ተቀብለውኛል። አሁን ወደ ሙራኦ ልሄድ ነው። ከመሄዴ በፊት አንቺ እይኝ ብዬ ነው። ካህን እመስላለሁ?»

ልናገር ስል የበሩ ደወል ጮኸና ቺጉሳ ገባች።

ከመድኃኒት ቤት የመጣች ናት፤ በእጇ ከረጢት ይዛለች። ከስታለች። እሱን ከኋላ ስላየችው ማን እንደሆነ አላወቀችም፤ በገበያተኛ ፊት እንደምታደርገው ለእኔ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

«እትዬ ማቺኮ፣ ካርዶቼን ላንሣ ነው የመጣሁት። የሽማግሌዎቹ ሚስቶች እዚህ ይገበያያሉ፣ ጽሑፌንም ያውቁታል። ይቅርታ ያድርጉልኝ…»

ሪኪያ ዞረ።

ዓሣ ሻጩ ከውጭ «የዛሬ ነው፣ የዛሬ ነው!» እያለ ይጮኻል።

«ማነው እንዲህ የጨፈጨፈህ?» አለች በመጨረሻ። ልትስቅ ነው ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

«እኔው ነኝ። ቺጉሳ፣ ስሚኝ። እሠለጥናለሁ። ሙራኦ ይቀበላሉ፤ አክስቴ ነግራኛለች። ትንሽ ቆዩ ብቻ በያቸው። ያንን የፉኩያማውን ሰው…»

ቺጉሳ ወደ እኔ ዞረች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ሙራኦ እንዲህ ብለዋል?» አለችኝ።

«‹ድሮ ቢሆን› ነው ያለው» አልኩ። «ድሮ የሚለውን ዘለልኩት። አሁን ግን ጊዜ የለም ብሏል። ዘለልኩት፣ ሪኪያ። ፊትህን ማየት አቃተኝ። ያኔም… የምንጩንም ነገር የፈጠርኩት እኔ ነኝ። መዞሩ ምንም አያመጣም ነበር። ይቅር በለኝ።»

ሪኪያ ራሱን ዳሰሰ፤ የተቆረጠውን ሲነካ ፊቱ ጨፍገግ አለ።

«የምንጩንማ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ደረስኩበት አክስቴ። ውሸት መሆኑን ካወቅኩ በኋላም አንድ ክረምት ዞሬያለሁ።»

«ለምን?»

«ካልዞርኩ ምን አደርጋለሁ?»

«ይህኛውንስ?» አለችው ቺጉሳ ቀስ ብላ። «ይህኛውንም አውቀህ ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር» አላት።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ። ቺጉሳ ከረጢቷን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ከኋላ ክፍል ፎጣና የሞቀ ውኃ እንዳመጣ ጠየቀችኝ።

«ተቀመጥ» አለችው። «እንዲህ ሆነህ ጀልባ ላይ አትወጣም። ሰው ይስቅብሃል።»

የወሩ ቀን በአራት ወይም በዘጠኝ ቁጥር በሚያልቅበት ዕለት ካህናት ራሳቸውን ይላጫሉ። አባቷ ከወደቁ ወዲህ የምትላጫቸው እሷ ናት። ከረጢቱ ውስጥ የነበረው አዲስ ምላጭና ቅባት ነው፤ ለአባቷ የገዛችው። ሪኪያን የጌም ካሴቶቹ በተደረደሩበት አጠገብ፣ ልጆች ጌም የሚሞክሩበት ዝቅተኛ በርጩማ ላይ አስቀመጠችው። ፎጣውን አንገቱ ላይ አሰረች። በሞቀ ውኃ ራሱን አራሰችው። በአንድ ዓመት ከሦስት ወር ውስጥ ስትነካው ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ምላጩ ከግንባሩ ጀመረ። ድምፁ ብቻ ይሰማል፣ ጭር፣ ጭር።

«ምን ዓይነት ሰው ነው?» አላት።

«ማን?»

«እሱ።»

ምላጩን ውኃው ውስጥ አጠበች። «ደግ ሰው ነው። ባለፈው መጥቶ አባቴን ሲያጎርሰው አየሁ። ሾርባው ሲፈስበት ማንም ሳያይ በእጁ ጠረገለት።»

«ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።»

«እኔንም» አለች።

«ጌም ይወዳል?»

«አንድም ነክቶ አያውቅም።»

«ኧረ ጉድ!» አልኩ ሳላስበው። በዚህ ሁሉ መሃል ሦስታችንም ፈገግ አልን፤ ፈገግታችን ግን ወዲያው ጠፋ።

«ቺጉሳ፣ ነይ እንሂድ» አላት። ራሱን ሳያዞር፣ ካሴቶቹን እያየ ነው የሚናገረው። «በያጅ የትም ሥራ አያጣም። ኦሳካ ሥራ አለ። ወላጆችሽንም ይዘን እንሂድ። እኔ አባትሽን እሸከማለሁ፤ በጀርባዬ እሸከማቸዋለሁ።»

«እንደምትሸከመው አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«እናቴ ያንን ደጅ ሠላሳ አምስት ዓመት ጠርጋለች። አባቴ የሚያስታውሰው ሌላ ሁሉ ጠፍቶበት የመቃብሮቹን ስም ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት አልጋው ላይ ሆኖ ይጠራቸዋል። ሁለት መቶውን። ከዚያ ቤት ካወጣሁት ለማን ይጠራቸዋል?»

እኔ ከዚህ በፊት መፍትሔ ያጣሁ ጊዜ እፈጥር ነበር፤ ያን ቀን የሚፈጠርም ነገር አልነበረም። ሰው ክፉ ሲሆን ይሰደባል፣ ዕዳ ሲሆን ይከፈላል። ደንብና ደግ ሰው ሲሆን ምን ይደረጋል?

ምላጩ ከኋላ ማጅራቱ ጋ ደረሰ። ቺጉሳ በሌላ እጇ ግንባሩን ደግፋ ራሱን ወደ ፊት ዘንበል አደረገችው።

«ጠልተሽኛል ብዬ ፈርቼ ነበር» አላት፤ ድምፁ ከጎነበሰበት ነው የሚመጣው። «የሰልፉ ቀን ስትቀሪ። ያኔ ብትጠይኝ ኖሮ አሁን ቀላል ነበር። አልወድህም በይኝ። ውሸትም ቢሆን ግድ የለኝም፣ በውሸት ለምጃለሁ።»

«አልልም።»

«በይኝ።»

«እወድሃለሁ» አለችው። «አራተኛውን እየጠላህ አንድ ዓመት አጠገቤ ተቀምጠህ ስታየኝ ነው የወደድኩህ። አሁንም እወድሃለሁ። ወደ መቅደሱ እወጣለሁ፣ አገባለሁ፣ እወድሃለሁ። ከዚህ የተለየ ነገር የለኝም፤ ቢኖረኝ እሰጥህ ነበር።»

የመጨረሻውን ላጨችና በእርጥብ ፎጣ ጠረገችው። ቅባቱን በመዳፏ አሙቃ የተቆረጡትን ቦታዎች አንድ በአንድ ቀባች። ራሱ ንጹሕ ሆነ፤ ቅርጹ ያማረ ክብ ራስ ነበረው ለካ። እውነት ለመናገር ካህን ይመስል ነበር። እንዲያውም ከብዙ ካህን ይልቅ።

ሪኪያ ያኔ ተናገረ፤ ቀድሞ ያሰበበት መሆኑ ያስታውቅ ነበር።

«እሠለጥናለሁ። ለማንም አይደለም፣ ተቀብለውኛል፣ ሥራም ለቅቄያለሁ። ሦስት ዓመት ነው። ከዚያ የሆነ ትንሽ መቅደስ ይሰጡኛል። በሙታን በዓል ካህናት ይረዳዳሉ አይደል? እመጣለሁ። ከባልሽ አጠገብ ቁጭ ብዬ ለሁለት መቶው አብሬ እጸልያለሁ። በዓመት አንድ ቀን ሻይ ታቀርቢልኛለሽ። ይበቃኛል።»

እንደ ቀልድ አላለውም። በደስታ ነው ያለው፤ ዓይኑ በርቶ ነበር። የመጨረሻ ቀዳዳ አግኝቷልና።

ቺጉሳ ቅባቱን ዘግታ አስቀመጠችው። ፊቷን አይቼ እኔ ቀድሜ አለቀስኩ።

«አትምጣ» አለችው። «ሪኪያ፣ ሌላውን ሁሉ እችላለሁ። ሠርጉን እችላለሁ። ከባሌ ጋር ወደምኖርበት ቤት ግን አንተ ጎንበስ ብለህ ስትገባ፣ እኔ ሻይ ሳቀርብልህ፣ ያንን አልችልም። አይቻለኝም። መርከብህን ሥራ። ተጣላ፣ ሳቅ፣ አግባ። ካህን አትሁንብኝ።»

«ሌላ መንገድ የለኝም እኮ!»

«የለህም። እኔም የለኝም።» መዳፏን አሁን በላጨችው ራሱ ላይ ከፍታ አሳረፈችው፤ እንባዋ በጣቶቿ መሃል እየወረደ ቆዳው ላይ ይንጠባጠባል። «ጸጉርህን አሳድግልኝ» አለችው። «ቃል ግባልኝ። ከነገ ጀምሮ አሳድገው። እለምንሃለሁ፣ አሳድግልኝ።»

እሱ ቃል አልገባም። እሷም እጇን አላነሣችም።